ከመንገድ ማዶ ያለችው ሦስተኛ ቅጂ

እውነተኛ ስሟን ሰፈሩ ከረሳው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ትልቁም ትንሹም «እትዬ ካርቦን» ነው የሚላት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት፤ ያኔ ከሥራ ስትመለስ የጣቶቿ ጫፍ ከሥር ቅጂ ከሚያወጣው የካርቦን ወረቀት የተነሣ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር። ጣቶቿ ከነጡ ስንት ጊዜያቸው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። የማይለቅበትም ምክንያት አለው። እትዬ ካርቦን ያላት ነገር ሁሉ ሦስት ሦስት ነው። የበር ቁልፍ ሦስት፣ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሦስት፣ ስልክ ቁጥር የምትጽፍበት ደብተር ሦስት። ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ያላት ወዳጇ፣ «ልጅ ብቻ ነው አንድ የወለደችው፤ ያን ጊዜ ካርቦኑ አልቆባት ይሆናል» እያለች ሰው ታስቃለች።

ታይፕ የለመደችው እንደ ሰው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ የማሽኑን ፊደላት በየቦታቸው በእርሳስ ጻፈችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ መምታት ጀመረች። እናቷ አሻግረው እያዩ፣ «ይቺ ልጅ ካርቶን ስትደበድብ ትውላለች፤ ምን ነካብኝ?» ይሉ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ለሥራ ፈተና ስትቀርብ፣ እውነተኛው ማሽን በመጀመሪያው ምት ሲጮህባት ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ፈታኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን መለሰችና አብረዋት የተፈተኑትን ሁሉ ቀደመቻቸው።

የተቀጠረችበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ክፍሉን የምትመራው፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሁሉ የሚፈራት ቀጭን ሴት ነበረች። «ዋና ጸሐፊ» ነው የሚሏት። ለአዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ትናገራለች፤

«አንደኛዋ ቅጂ ለተጻፈለት ሰው ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ፋይል ውስጥ ትገባለች። ሦስተኛዋ ግን እዚህ ጣራ ሥር አታድርም።»

ስለዚህ በየቀኑ ከመውጫ ሰዓት በፊት አንዷ ጸሐፊ በተራዋ የቀኑን ሦስተኛ ቅጂዎች ታቅፋ መንገዱን ትሻገርና ማዶ ያለው መጋዘን ውስጥ አስቀምጣ ትመለሳለች። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላው የሚዘረጋው ለወረቀቱ እንጂ ለተሸካሚዋ አይደለም። ልጃገረዶቹ ያጉረመርሙ ነበር። «እዚህ መሥሪያ ቤት ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው የሚታመመው» ትላለች አንዷ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ አንድ ጠዋት መጡና የፋይል ክፍሉን በር ቢከፍቱት ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው መጣ። ሌሊቱን ከጣራው በላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ የስንት ዓመት ፋይል ሊጥ ሆኗል። ዋና ጸሐፊዋ አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። በአገጯ ብቻ የመንገዱን ማዶ አመለከተች። ከዚያ ቀን በኋላ ያጉረመረመ የለም።

ከሥራው ሁሉ እትዬ ካርቦን የምትጠላው እርማቱን ነበር። በካርቦን ሲጻፍ ላይኛዋ ወረቀት ስለታረመች ከሥሯ ያሉት አይታረሙም። እያንዳንዳቸው ተገልጠው፣ በምላጭ ተፍቀው፣ በእጅ መስተካከል አለባቸው። ካልተፋቁ ስሕተቱ ከሥር እንዳለ ይኖራል። ያን ፍቆ ማስተካከል እንደ ቅጣት ነበር የምታየው። ውለታው የገባት ዘግይቶ ነው።

ባሏንም ያገኘችው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው። መምህር ነበር። የፈተና ወረቀት ሊያስመታ ይዞ የመጣው ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። «ጌታዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችው። «ላንብብልሽ?» አለና አጠገቧ ቆሞ አነበበላት፤ እየሰማች መታች። በወሩ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ፤ የባሰ ነው። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ቆሞ ያነባል፣ ትመታለች። ከተጋቡ በኋላ ነው አንድ ቀን የጻፈውን ደብተር ያየችው፤ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የጠራ ነበር።

«አንተ! ያ ሁሉ ጭረት ታዲያ ምን ነበር?»

«ባላነብልሽ ኖሮ ትሰሚኝ ነበር?» አላት። ሙልጭ ያለ አታላይ፣ እግዜር ነፍሱን ይማረው።

እንዲህ ባለ ድምፅ የተፈጠረ ሰው ድምፁን ለብቻው አያስቀምጠውም። በከተማው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት የሚያነብለት በጎ ፈቃደኛ ሲፈልግ መምህሩ እጁን አወጣ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር እዚያው ቤታቸው ካለችው ትንሿ ክፍል ይገባል። ድምፅ እንዳያስገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ በቀንም አምፖል ይበራል፤ የካሴት መቅረጫዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ያነባል። ሃያ ስድስት ዓመት አነበበ። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ካሴት። እያንዳንዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ለሚላከው ቅጂ ዋናው ሆኖ ቤት ይቀመጣል፤ ቁጥሩንና ርእሱን በታይፕ መትታ የምትለጥፍበት እሷ ናት።

መምህሩ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ካሴቶቹ በቁጥራቸው ተደርድረው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ታዲያ የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደወለላት። እሱ ራሱ ዓይነ ስውር ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ ያደገ። እነሱ ጋ ያሉት ቅጂዎች ከልክ በላይ ተሰምተው አልቀዋል፤ የተረፉትንም ጣራው አፍስሶ አበላሽቷቸዋል። «ዋናዎቹ እርስዎ ጋ ካሉ፣ ወደ ኮምፒውተር ቢገለበጡልን» አላት።

የድምፅ ዕቃ ጠጋኙ ካሴቶቹን አገላብጦ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። «አርጅተዋል፣ እትዬ። አንዴ ያልፉ ይሆናል። ሁለተኛ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

አንዴ። እትዬ ካርቦን በስድሳ አራት ዓመቷ ላፕቶፕ መክፈት ተማረች፤ ማንም ሳያስተምራት ካርቶን ላይ እንደተማረችው፣ እየሳተች እየደገመች። ጠዋት ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ከዚያ አንድ ካሴት ታስገባለች፤ ባሏ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጣ ትውላለች። ደብተር ይዛ ነበር። መጽሐፍ ያልሆነውን ሁሉ ከነደቂቃው ትመዘግባለች፦ «ካሴት 12፣ ደቂቃ 3፦ ሳለ።» «ካሴት 40፣ ደቂቃ 21፦ የድስት ክዳን ወደቀብኝ፤ ‹ምሳ ደረሰ ማለት ነው› ብሎ ሳቀ።» «ካሴት 87፣ ደቂቃ 14፦ ሚጡ ገባች።»

ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ሚጡ ልጃቸው ናት። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ አራት ሞልቷት ከጓደኞቿ ጋር ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ ከፍታለች። አባቷን አስታውሳ ስታወራ ሁልጊዜ የምታነሣው የመጨረሻዎቹን የሕመም ዓመታት ነው። እትዬ ካርቦን ለራሷ «አንድ ቀን በደስታ ቀን አሰማታለሁ» አለች። ካሴቱ እስከ መጨረሻው አለፈና ሲያበቃ ማሽኑ ጠመጠመው፤ ክሩ ተበጣጥሶ ወጣ። ሰማንያ ሰባት ሁለተኛ እንደማይናገር ያኔ ታወቀ።

በየአርባ ካሴቱ የተገለበጠውን ፍላሽ ላይ ትጭንና መንገዱን ተሻግራ ለወዳጇ ለፋርማሲስቷ ትሰጣለች። እንደ ድሮው። ሦስት ጊዜ ተሻገረች። መቶ ሃያ ላይ ስትደርስ ሚጡ ቤት መጥታ አየቻት።

«እማዬ፣ አንቺና ፋርማሲስቷ የምሥጢር ሥራ ላይ ናችሁ እንዴ? ነይ፣ በሥርዓቱ እናድርገው። ሁለት መንገድ አለ።»

«እሺ፣ አስረጂኝ።»

«አንደኛው ሲንክ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ አንድ ፎልደር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር። እዚህ ያስገባሽው እዚያ ይደርሳል። ፍላሽ ይዞ መንከራተት የለ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ባክአፕ። ሃርድ ዲስክ እንገዛለን፣ በየጊዜው ትገለብጪበታለሽ፣ ከነቀኑ ይቀመጣል። ግን ማስታወስ አለብሽ፤ ከእጅሽ ወድቆም ሊሰበር ይችላል። ለቤተ መጻሕፍቱም ገና ሌላ መላኪያ ልንፈልግ ነው።»

«ሁለቱም ቢሆኑስ?»

«ምን ያደርግልሻል? ሲንኩ እኮ እዚህ አለ፣ እዚያ አለ፣ ኢንተርኔቱም ላይ አለ።» ሚጡ ሦስት ጣቷን አወጣች። «ሦስት! ያንቺው ሦስት!»

እትዬ ካርቦን ጣቶቹን አየች። ሦስት ናቸው። አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ አንዷ ደግሞ ጭራሽ ሰማይ ላይ፤ ዋና ጸሐፊዋ ብትሰማ ምን ትል ነበር! «ይሁን» አለች። የፍላሹ መመላለስ በዚያው ቀረ።

አንድ መቶ ስድሳ ሦስቱም ተገልብጠው ሲያልቁ፣ የጸሐፊነት ደሟ ተነሣባት። በሥራ ዘመኗ የተፋቀ ቦታ የሚታይበት ወረቀት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ባሏ እየሳለ፣ በር እየተንኳኳበት፣ ድስት እየወደቀበት ወደ ሰው ቤት ሊሄድ ነው። እንዴት ተደርጎ! የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራሙን እንደምንም ተማረችውና ደብተሯን አጠገቧ ዘርግታ ጀመረች። በፍቅር የመዘገበችው ደብተር የት የት እንደሚቆረጥ ጠቋሚ ሆነላት። ሳሉን ቆረጠች። የድስቱን ክዳን ቆረጠች። «መምህር፣ ልብስህን ተኩሼልሃለሁ» እያለች።

ሰማንያ ሰባት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የሚጡ ድምፅ ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ሰማችው። ይሄ የቤታችን ነገር ነው፣ ለተማሪ ምን ያደርግለታል አለች በሆዷ። ላይኛዋ ንጹሕ ሆና ትሂድ፤ ለእኛ ከሥር ያለችው ትቀርልናለች።

ሠላሳ ሰባት ዓመት እጇ ያወቀው እሱን ነበር። ላይኛዋ ስትታረም ከሥር ያሉት አይታረሙም። ቆረጠችው።

ከአራት ወር በኋላ ከሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ነው፣ ይሰማል አይደል?»

«መስታወት ሆኗል፤ እጅዎን ይባርከው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ሰማንያ ሰባተኛውን ዛሬ ለተማሪዎቼ ላሰማ ከፍቼ ነበር። ልጅቷን የት አደረሳችኋት?»

«የቷን ልጅ?»

«መብራት ያጠፋችውን።» ሳቅ አለ። «አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ያንን ቦታ እየመለስን ስንሰማ ካሴቱን ጨረስነው፤ የጣራው ውኃ ሳይመጣ እኛ ነን ያጠፋነው። ሰው ያነብልናል፤ ብዙ ሰው አንብቦልናል። ሰው ቤት የገባሁ የመሰለኝ ግን ያን ቀን ነው። ለልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለሷ ሳወራላቸው ሰንብቼ...»

«አለች፣ አለች!» አለች እትዬ ካርቦን። «እኔ ጋ ናት። ጠብቀኝ፣ እልክልሃለሁ።»

ላፕቶፑን ከፈተች። ሰማንያ ሰባት፣ ደቂቃ አሥራ አራት። መምህሩ ያነባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ይጀምራል። በመካከሉ ምንም የለም። ተኩሳዋለች። ኢንተርኔቱ ላይ ያለውን ከፈተች፤ እሱም ያው። ሰማይ ላይ ያለችው ሦስተኛ ቅጂ አብራ ተፍቃለች።

ሚጡ ሱቋን ለጓደኞቿ ትታ ነው የመጣችው። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ቁልፎቹን መታች፣ አየች፣ ደግማ መታች።

«ሲንኩ የድሮውን ያስቀምጣል፤ ግን ለሠላሳ ቀን ብቻ። መቼ ነው ያረምሽው?»

«አራት ወሩ ነው።»

ሚጡ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «እማዬ፣ ምን ነበር የቆረጥሽው?»

እናትየው ደብተሩን ከፍታ አሳየቻት። «ሚጡ ገባች» ይላል በሰማያዊ እስክሪብቶ። «ለደስታ ቀን ያስቀመጥኩልሽ ነበር» አለች። አባትና ልጅ የተናገሩትን ቃል በቃል ልትነግራት ትችል ነበር። ግን ቃል ምን ያደርጋል፤ እሱን ያገባችው በድምፁ ነው።

ሚጡ ደብተሩን ተቀበለቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሲንክ ባክአፕ አይደለም እያልኩ ለደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ። አንዱ ጋ የጠፋው ሁሉም ጋ ይጠፋል፣ እሱ መስታወት ነው፣ ከፊቱ ዞር ካልሽ እሱም የለም እላለሁ። ለእናቴ ሲሆን ግን ጣቴን አውጥቼ ሦስት አልኩ። እንዲያውም ሳቅኩብሽ፤ አንቺና ፋርማሲስቷ የምሥጢር...»

ቃሉን ሳትጨርስ ተያዩ።

«እስከ ስንት ነው የወሰድሽላት?» አለች ሚጡ።

እትዬ ካርቦን ደብተሩን ነጠቀቻት። ጣቷ በመስመሮቹ ላይ ወረደ። አንደኛው ፍላሽ፣ ከአንድ እስከ አርባ። ሁለተኛው፣ ከአርባ አንድ እስከ ሰማንያ። ሦስተኛው፣ ከሰማንያ አንድ እስከ መቶ ሃያ። የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አራት ሰው ተሰልፏል። ፋርማሲስቷ ከመስኮቱ በስተጀርባ ክኒን ትቆጥራለች።

«ፍላሾቹን!» አለቻት ከበሩ።

«ማዘዣ አለሽ?» አለች ፋርማሲስቷ ቀና ሳትል። ሰልፈኛው ሳቀ። ከዚያ ቀና ብላ የወዳጇን ፊት ስታይ ክኒኑን ተወችው። «ምን ሆነሻል አንቺ? ነይ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ፍላሾቹ አሉ?»

«ባለፈው ወር መደርደሪያ ስቀይር እኮ...»

«ስትቀይሪ ምን?»

«መጀመሪያ ተቀመጪ አልኩሽ! ወድቀሽብኝ ለራስሽ መድኃኒት ልስጥሽ?» አስቀመጠቻትና ወደ ውስጥ ገባች። የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ፤ ተዘጋ፤ ሌላ ተከፈተ። የእትዬ ካርቦን ጣቶች ጉልበቷ ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ካርቶኑን እንደምትመታበት ጊዜ። የምትጸልይ እንደሆነ ያወቀባት የለም።

ፋርማሲስቷ ተመለሰች። በእጇ ትልቅ የመድኃኒት ፖስታ ይዛለች። «መደርደሪያ ስቀይር ከብርቱዎቹ መድኃኒቶች ጋር ቁልፍ ውስጥ አስገባሁት ልልሽ ነበር። ሰው አስጨርሺ እንጂ!» ፖስታው ላይ በራሷ እጅ የጻፈችበት ነበረ፦ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።»

እትዬ ካርቦን ቤት ስትመለስ ሚጡ መጀመሪያ ፍላሹን አልከፈተችም። ባዶ ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣችና ያለውን እንዳለ ገለበጠችበት። «አሁን ክፈቺው» አለች እናቷን። «አንቺ ክፈቺው።»

የመምህሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ስለ ወንዞች ያነባል፤ ከየት ተነሥተው በየት እንደሚያልፉ። ደቂቃ አሥራ አራት ላይ በር ሲጥጥ አለ።

«አባዬ።»

«ወይ ሚጡ። እያነበብኩ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ለማን?»

«ለሰዎች። ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች።»

የእግር ኮቴ። ከዚያ ቀጭ! የማብሪያ ማጥፊያው።

«አሁን እኔም አላይም። ለኔም አንብብልኝ።»

መምህሩ ከሆዱ ሳቀ። «ኧረ እኔም እኮ አሁን አላይም! በምኔ ላንብብ?»

«በአፍህ!»

ሳቁ ሳያልቅ ከሩቅ፣ ከማጀት፣ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መጣ። «መምህር! ልጅቷ አንተ ጋ ናት?»

«እኔ ጋ ናት! መብራት ወስዳብኛለች!»

ሚጡ አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። እናቷ የምታለቅስ መስሏት እጇን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ፣ እየሳቀች ነው። እንባውም ነበረ፤ ግን የሚያንቀጠቅጣት ሳቁ ነበር። «በአፍህ!» አለች። «እንዲህ ነበርኩ እንዴ?»

«ዛሬም እንዲሁ ነሽ። አሁንስ እንዲሁ አይደል፣ አንድ ነገር ስጠይቅሽ የምትመልሺልኝ?»

«ሲስቅ እንዲህ ነበር» አለች ሚጡ። «ረስቼው ነበር።» መልሳ አስጀመረችው።

በስልክ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አሰሙት። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «ይቺው ናት» አለ። «እትዬ፣ እባክዎን ሁለቱንም ይላኩልን። የተጣራውን ለፈተና እናደርገዋለን። ይሄኛውን ደግሞ ለኑሮ።»

ሁሉም አልተመለሰም። ከመቶ ሃያ አንድ እስከ መቶ ስድሳ ሦስት ያሉት አርባ ሦስት ካሴቶች ወደ ፋርማሲስቷ መሳቢያ አልሄዱም ነበር፤ የእነሱ ሳልና በር፣ የእነሱ «ምሳ ደረሰ ማለት ነው» የትም የለም። ጠጋኙ ክሮቹን አይቶ እንደገና ራሱን ነቀነቀ። የቀረው ደብተሩ ነው። «ካሴት 131፣ ደቂቃ 9፦ ‹መጣሁ፣ መጣሁ› አለ፤ ጠርቼው ነበር።» «ካሴት 158፣ መጨረሻ፦ ‹ዛሬ ደከመኝ፤ የቀረውን ቅዳሜ እንጨርሰዋለን› አለ።» እትዬ ካርቦን ይህን ስታነብ፣ «ተመስገን፣ እንኳን ጻፍኩት» ትላለች። አሁን ጠዋት ጠዋት እየተቀመጠች ደብተሩን በንጹሕ ትመታዋለች። የተቆረጠው ሁሉ ከነደቂቃው፣ ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደወደቀ።

ሲንኩን አላጠፉትም። ለሥራ ደኅና ነው፤ ከቤቷ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መንገድ ያሳጥራል። አጠገቡ ግን ሚጡ ሃርድ ዲስክ ገዝታ አመጣች። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣና ትገለብጣለች፤ ቀኑን በወረቀት ጽፋ ትለጥፍበታለች፤ ያለፈውን አትነካውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገልብጣ ስትጨርስ እናትየው ነጠላዋን ልታነሣ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለች ሚጡ።

«ላደርሰው ነዋ።»

«ተቀመጪ። ተራው የኔ ነው።»

እትዬ ካርቦን በመስኮቱ አየቻት። ካፊያ ነበር። ሚጡ ጃኬቷን አውልቃ ዲስኩን ጠቀለለችበት፣ እቅፏ ውስጥ አስገባችው፣ ግራና ቀኝ አይታ በባዶ ራሷ መንገዱን ተሻገረች። የመድኃኒት ቤቱ በር ሲከፈት የፋርማሲስቷ ድምፅ እስከዚህ ማዶ ተሰማ።

«ማዘዣ አለሽ?»

ልጅቷ ምን እንደመለሰችላት አልተሰማም። ውስጥ ያለው ሰልፈኛ ሁሉ ግን ሳቀ።